ጥቁሩ ግንብ ነገ ይመታል

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት አድርጎዎታል? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ግድግዳውን ይደገፋሉ ወይስ ያን ከዘራ በመጨረሻ ታረቁት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይቀምሳሉ? እህቴን እትዬን ብጠይቃት ሁሉን ነገር በ«ደህና ነው» ስለምትዘጋው፣ እርስዎኑ ልጠይቅ ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አካሌን ማለቴ ነው፤ ልቤ ግን ከተንጠለጠለ ዛሬ አሥራ አራት ቀኑ ነው።

ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓቴ፣ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በማጠፊያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሆኜ ነው። ከጀርባዬ ሦስቱ ትልልቅ ማሽኖች ይዞራሉ፤ እኔም አብሬያቸው እዞራለሁ። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ ስልኬን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጠዋት አንዱን አንሶላ ሦስቴ አጥፌ ሦስቴ ስፈታው፣ በሌለችበት «ኮስታሪት» የምንላት አለቃችን አይታኝ አንሶላው ምን በድሎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ነገሩን ከሥሩ እጽፋለሁ። ብዙውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ቢሆንም ይታገሡኝ። እማዬ ካረፈች በኋላ ቤቱ እንዳይከብድዎት ብዬ ያን የግንብ ጨዋታ ስልክዎ ላይ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲክቡ የኖሩ ግንበኛ በጡረታዎ የሰው ግንብ አፍራሽ ሆኑ ብለን ከእትዬ ጋር ስንት ስቀናል። በወሩ በለጡኝ። በዓመቱ ደግሞ አርባ ሰው ያለበት ኅብረት መሪ ሆኑና፣ ማን እንደሆኑ የማያውቁት ጎረምሶች ሁሉ «አዛዡ» ይሉዎት ጀመር።

ሌላው ስንት ግንብ እንዳፈረሰ ሲኩራራ፣ እርስዎ የሚቆጥሩት ስንት ወታደር በእግሩ እንደተመለሰ ነበር። አሠራርዎን በቃሌ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ሰላይ ይላካል። ድንጋዩን በመዶሻ ጫፍ ነካ አድርገው ድምፁን እንደሚያዳምጡት ሁሉ፣ ግንቡንም ሳያዳምጡ አይነኩትም። ከዚያ ጥቂት ፈረሰኛ ብቻ ልከው ወጥመዱ የት እንደተቀበረ ያያሉ። ባለቤቱ ጦሩን እህል እንዲሰበስብ የሚያሰማራበትን ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም ይጠብቃሉ። ሁላችንም ከየግንባችን ተነስተን በአንድ ደቂቃ እንድንደርስ የእያንዳንዳችንን መንገድ ይለካሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሕክምና ቤቱን አልጋ ሳልቆጥር አንድ ሰው እንዳላስነሳ ያስጠነቅቁኝ ነበር፤ የቆሰለው አልጋ ካገኘ ይድናል፣ አልጋው ከሞላ ግን ደጅ የቀረው ሁሉ ይሞታል። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ቀስተኞች ሞቱብኝ ብለው እራት አልበላም እንዳሉ እትዬ ስትነግረኝ፣ እነዚህ እኮ ሥዕሎች ናቸው ብዬ ሳቅሁብዎ። እርስዎም፣ ሥዕልም ቢሆኑ የወጡት በእኔ ቃል ነው አሉኝ።

ያን ሰሞን ጉልበትዎ አላስቀምጥ ብሎዎት ሐኪም ጋ ሲመላለሱ፣ የሁለታችንንም ግንብ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ መልእክትዎ ደረሰኝ። «ጥቁሩ ግንብ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ይመታል። ሠራዊቱን ሰብስቢ» ይላል። እኔ «ይመታል»ን አጥብቄ አነበብኩት። ባላንጣችንን ጥቁሩን ግንብ ልንመታው ነው ብዬ፣ ሠራዊቱን ከሁለቱም ግንቦች ሰብስቤ፣ በማግስቱ ዘጠኝ ሺህ ሰው አስነሳሁ። እርስዎ ግን የጻፉት አላልተው ነበር። ጥቁሩ ግንብ ሊመታን ነውና ልጆቹን ወደ ቤት አስገቢ ማለትዎ ነበር።

አንድ ሰላይ ልኬ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ግን የአንሶላው ጋሪ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ቸኮልኩ፣ እርስዎ አጣርተውት ይሆናል አልኩ። ጥቁሩ ግንብ እኛን ለመምታት አጋሮቹን ሁሉ አስገብቶ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት ሄጄ ተላተምኩ። የእኛ አልጋ ስድስት መቶ ብቻ ነው። እዚህ ቀኑን ሙሉ የስንት አልጋ አንሶላ እንደጎደለ ስቆጥር የምውል ሰው፣ የራሴን አልጋ ሳልቆጥር ሄድኩ። የቀሩት በሙሉ አለቁ። ከዚያ እነሱ ወጥተው፣ እርስዎ ሁለት ዓመት ለፍተው ያቆሙትን ግንብ ባዶውን አግኝተው ሲንዱት እጄን አጣጥፌ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ይቅርታ ብዬ አንድ ገጽ የሚሞላ መልእክት ጻፍኩልዎ። የእርስዎ መልስ ሁለት ቃል ነበር፤ «አባት ይረሳል።» ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን አልከፈቱም። ቤት ስደውልም እትዬ ታነሳና አንዴ ተኝተዋል፣ አንዴ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል ትለኛለች።

መጀመሪያ አላልቼ አነበብኩትና ደስ አለኝ። አባት የልጁን ጥፋት ይረሳል፣ ይቅር ብለውኛል አልኩ። ዝምታዎ ሲበዛ ደግሞ አጥብቄ አነበብኩት። ልጅ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በሩቅ ሆና በስልክ ታባብላለች፣ አባት ይረሳል። መንገድ ላይ እየሄድኩ እንኳ አንዴ ሳላላው፣ አንዴ ሳጠብቀው፣ ሰው ለብቻዋ ታወራለች ብሎ ዞር እያለ አይቶኛል።

እሑድ ዕለት እትዬን እውነቱን ካልነገርሽኝ ስልኩን አልዘጋም አልኳት። አለቀሰች። መነጽርዎን ዓይንዎ ላይ አድርገው እንደሚፈልጉት ነገረችኝ። የጨዋታው መክፈቻ ቃል ጠፍቶብዎት፣ ለማንም ሳይናገሩ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ እንደከተቱት ነገረችኝ። ሰሞኑን ደግሞ አመሻሽ ላይ በሩን ከፍተው፣ ልጅቷ ዛሬ ከሥራ ዘገየች እኮ ብለው ደጅ ይቆማሉ አለችኝ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ለካ ያ «ይረሳል» ሲላላ ሌላም ትርጉም ነበረው። ሁለቱን ቃል ሲጽፉ ይህንኑ ሊነግሩኝ ፈልገው ከሆነ፣ አባዬ፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ፈርቻለሁ፤ አልደብቅዎትም። እርስዎ ግን እኔን ማፈር የለብዎትም። ስልኩን ሲከቱት ምን ያህል እንደከበደዎት ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ከእንግዲህ እትዬን ሰላይ አድርጌ ከሩቅ መቀመጥ አልችልም። ትናንት ኮስታሪት ዘንድ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። ስንት ቀን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም፣ ለአባቴ ነው አልኳት። እስክመለስ የእኔን ጠረጴዛ ራሷ እንደምትይዝልኝ ነግራኝ ፈገግ አለች። ጥርሷ የሚያምር ሴት ናት ለካ።

ለእትዬ፣ ስለደበቀችኝ ተቀይሜያታለሁ፣ ብቻዋን ስለተሸከመችው ግን እግሯን እስማለሁ በሉልኝ። ለባሏ ለታክሲ ነጂያችን ሰላም በሉልኝ፤ ሊቀበለኝ ሲመጣ ያን ሬዲዮ ቀነስ ያድርግልኝ። የእህቴን ልጅ ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ስልክዎን ከመሳቢያው አውጥታ ቻርጅ ታድርገው። ግንቡን ከመሠረቱ አብረን እናነሳዋለን። መክፈቻውን ቃል ያኔ ግንብዎን ስጠብቅ ነግረውኛል፤ እማዬን ያቆላምጡበት የነበረው ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ መጥቼ በጆሮዎ እነግርዎታለሁ።

በመጪው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አመሻሽ ላይ ልጅቷ ዘገየች ብለው ደጅ ከወጡ ማንም እንዳያስገባዎት። እዚያው ቆመው ይጠብቁኝ። እመጣለሁ። ይህን ቃል ቢያላሉትም ቢያጠብቁትም ያው ነው።

ችኩሏ ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከማጠፊያው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን