የሃኮብ ጠርሙስ

ጃንዋሪ 9፣ 2014፣ ሐሙስ

ሁለት ኤርፖርት ራይድ። ዘይት አስቀየርኩ። ሚስቴን ውብነሽን ከሥራ ላነሳ ፌርፋክስ ሄጄ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ዙር።

ቤት ስንገባ ልዩ፣ ልጄ፣ ጠርሙስ ይዛ ጠበቀችን። ቀይ ወይን። የፍቅረኛዋ የአራም አባት፣ አርመኑ ሃኮብ፣ የላከው። ሌብል የለው፣ በእጅ “አሬኒ” ተጽፎበታል። የአገራቸው ወይን ዘር ነው አሉ። ግሌንዴል ጓሮው ተክሎ ራሱ ነው የሚጠምቀው...

“አባዬ፣ ለማንም አይሰጥም እኮ። እሑድ ሳምንት ለምሳ ሲመጡ እንዴት ነበር ማለቱ አይቀርም።”

የልጆቹ የጋብቻ ነገር የሚያልቀው በዚያ ምሳ ነው። እኔ ደግሞ ጌታን ካገኘሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ጠብታ አልቀመስኩም ብዬ ቸርች ፊት መስክሬአለሁ። ምን ልለው ነው?

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

አማራጭ፦
1. መቅመስ። አይሆንም።
2. ሳልቀምስ “ይጣፍጣል” ማለት። ውሸት።
3. “ወድቆ ተሰበረ” ማለት። እውነት እንዲሆን መጣል አለብኝ። ምንጣፉ ነጭ ነው።
4. አላውቅም።

ቁም ሣጥን ውስጥ ኮቴ ሥር ደበቅኩት።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ኮቴ አለ። ጠርሙሱ የለም።

“እኔ ጋ ነው፤ አንተ ተኛ” አለች ውብነሽ። እንዴት ነው የምተኛው? ጭራሽ ለእሑዱ ምሳ ፓስተር ተፈሪን ጠርታለች።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ

መጡ። ሃኮብ፣ ሚስቱ፣ አራም። ፓስተር አጠገቤ ተቀመጡ። ዶሮ ወጥ ቀረበ። ሃኮብ ደገመ፣ ፓስተር ሠለሱ። ከዚያ የፈራሁት...

“ወይኔስ እንዴት ነበር?” ሃኮብ ነው፣ እኔን እያየ። ፓስተርም ዞረው አዩኝ።

“እየበላችሁት ነው” አለች ውብነሽ። “ግማሽ ጠርሙስ ወጡ ውስጥ ነው።”

ፓስተር ጉርሻቸው አፋቸው ጋ ቆመ።

“ዛሬ ብቻ ነው አይደል?” አልኳት ቀስ ብዬ በአማርኛ።

“ያለ ወይን ዶሮ ወጥ ሠርቼ አላውቅም።”

የየፋሲካው... የልዩ ግራጁዌሽን... ለቸርች ፈንድሬይዚንግ አራት ትሪ። የዚያን ቀን ማይክ ይዤ “የሚስቴ ወጥ ምስጢሩ ጸሎት ነው” ብያለሁ።

ፓስተር ዋጡ። “እሳት ላይ ሲቆይ... ሄዷል” አሉ። እንቁላል ጨመሩ።

ሃኮብ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። “አልሄደም። አገኘሁት።” ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ?”

“ይጣፍጣል” አልኩት።

ውሸት አይደለም።

ፌብሯሪ 9፣ እሑድ

ትናንት ሃኮብ ከአሬኒው ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣልኝ። ኢንግልዉድ፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ ሁለታችን ተንበርክከን ተከልነው። የልጆቹ ቀለበት ሜይ 3።

የሚሠራ፦
1. ማክሰኞና ዓርብ ውኃ።
2. የሚደገፍበት ሽቦ።
3. የጎረቤት ድመት።
4. ምስክርነቴን ማስተካከል። አልጠጣሁም። በልቻለሁ።

ዛሬ ቸርች ፓርኪንግ ሎት ላይ ስለ ምስክርነቴም ስለ ወይን ተክሉም ለፓስተር ተፈሪ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ...

“መቼ ነው የሚያፈራው?”

“ሦስት ዓመት ይፈጃል አለኝ።”

ግራ ቀኙን አዩ። ጠጋ አሉኝ።

“ወጡስ እስከዚያ?”