እማዬ፣ ቀኑን አሁን አውቀዋለሁ

እማዬ ሆዴ፣

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትሽን አወጣን፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ክፍልሽን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ አልጋሽን አውጥቼ የልብስ መስፊያዬን አስገባሁበት። ባለቤቴ ዳዊት አሁንም ኤርፖርት ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል። እኔም አሁንም ልጅ አልወለድኩም።

የተናደድኩበትን ልንገርሽ። ወር አበባዬ ሲመጣ እንዳስተማርሽኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ውጭ ፓርኪንጉ ጋ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ለካ ጓደኞችሽ በዚሁ ይከታተሉኛል። ውጭ ካዩኝ አልፀነሰችም ማለት ነው፣ ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። እትዬ አሰለፈች ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ፌርፋክስ ከተማ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ፣ በሰው ፊት፣ መካን ሆነሽ እንዳትቀሪ ጠበል ግቢ አሉኝ። ጠበሉን አልጠላሁም። መካን ያሉኝን ግን አልውጥላቸውም።

ሄጄ የማህፀን ሐኪሜን ጠየቅኩ። አንቺም እነሱም የሚፀነሰው ወር አበባሽ እንደነጻ ባለው ሳምንት ነው ስትሉኝ ኖራችሁ፣ እኔም አመንኩ። እንቁላል የሚወጣው ግን የሚቀጥለው ወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። የኔ የወር አበባ ዙር ረጅም ስለሆነ እንቁላሌ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ሶ እኛ ሁልጊዜ ቀድመን ሞክረን፣ ዋናው ሰሞን ሲደርስ ተስፋ ቆርጠን ጀርባ ተሰጣጥተን እንተኛለን። ስልኬ ላይ ያለው ቀን ቆጣሪ አፕ ቢሆን ይገምታል እንጂ አያውቅም። አሁን ፈሳሼን አያለሁ፤ እንደ እንቁላል ነጭ ጠርቶ ሲለጠጥ ቀርቧል ማለት ነው። በሽንት መመርመሪያም አያለሁ።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው እሑድ፣ እዚያው ገበታ ላይ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ለእትዬ አሰለፈች አስረዳኋቸው። እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ። አንቺ ብትኖሪ በክርንሽ ትጎስሚኝ ነበር፣ እኔም አላቆምም ነበር። ስወጣ ሁለት አዲስ ሙሽሮች መኪናዬ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። በሹክሹክታ ጠየቁኝ፣ እኔ ግን በደንብ እየተሰማሁ መለስኩላቸው።

በዚህ ወርም መጣብኝ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሥራ ገባሁ። የፈለጉትን ይበሉ፣ ሰውነቱ የኔ ነው፤ ዳዊትና እኔ ገና እንሞክራለን።

ብወልድ ስላንቺ እየነገርኩ አሳድገዋለሁ። ባልወልድም አልረሳሽም። አንቺን ለማስታወስ የማንም እናት መሆን የለብኝም፣ ያንቺ ልጅ መሆኔ ይበቃኛል።