የጳጉሜን ነጭ መስመሮች

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሞጣ። እዚህ ክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ ሰባት ሰዎች አይታዩም።

ውድ ፍቅረ ሥላሴ፣

ስልክህን ከጠዋት ጀምሮ ሞክሬ አቃተኝ። የምጽፍልህ በዘይዳ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። የዳታው ኮፒ እስኪያልቅ ጊዜ አለኝ። ባሏ አብዱራዛቅ ነገ ዕቃ ሊያመጣ በደጀን በኩል አዲስ አበባ ስለሚገባ፣ ወረቀቱን እጅህ ላይ ያደርሰዋል።

ፕሮግራሙን ለዚህ ክሊኒክ ስትሠራ ከቢቸና አብረን ነበር የመጣነው፤ አምና ህዳር ላይ። ሥራህን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልነገርኩህም። ዘይዳ መዝጋቢዋ ያኔ ለኮምፒውተር አዲስ ነበረች። አንድ የተሳሳተ ቁጥር አስገብታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ቢወጣባት፣ እጇን ከኪቦርዱ ላይ ነጥቃ «ሰበርኩት እንዴ?» አለችህ። ሳቅህባት። ከዚያ ፕሮግራሙ ስህተት ሲያጋጥመው ለማንም ሳይናገር ወደሚቀጥለው መስመር እንዲያልፍ አድርገህ ጻፍከው። «ሰው ከሚደነግጥ ማሽኑ ዝም ይበል» አልክ። ዘይዳም መረቀችህ።

ማሽኑ ዝም ብሏል።

የቀጠሮው ሰንጠረዥ ላይ ነጭ መስመሮች መታየት የጀመሩት ጳጉሜን ላይ ነው። ዘይዳ ለዶክተር ውበቴ ነገረቻቸው። ክሊኒኩ የእርሳቸው እንደሆነ ታውቃለህ። የስክሪን እርጅና ነው፣ ሰማው ሲመጣ ያየዋል አሏት። እኔ ደግሞ ቢቸና ተቀምጬ መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅሁ፤ በዓሉም መሀል ገባ። ዛሬ ገና ከመግባቴ ዘይዳ «ጋሽ ሰማው፣ እናንተ ቢቸናዎች የደመራው አመድ ካልቀዘቀዘ አትንቀሳቀሱም» ብላ ተቀበለችኝ። የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማንም የሚያየውን አየሁ። አምዶቹ ጠበው እንደሆነ አሰፋኋቸው። ፊደሉ ከጀርባው ጋር አንድ ቀለም ሆኖ እንደሆነ ቀለሙን ቀየርኩ። ስክሪኑን ፈትቼ የመድኃኒት ክፍሉን ስክሪን ገጠምኩ። ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ሰንጠረዡን ወደታች ጎተትኩት፤ ነጮቹ መስመሮች አብረው ወረዱ። ወደላይ ስመልሰው አብረው ወጡ። የስክሪን ችግር ቢሆን ኖሮ ከቦታቸው አይነቃነቁም ነበር። እነዚህ ግን የሰው ቦታ ይዘው ነበር የሚሄዱት።

ሰንጠረዡን ትቼ ከሥሩ ያለውን ፋይል ከፈትኩ። ሁሉም አሉ። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ሕመማቸው፣ ቀጠሯቸው። የሰባቱም ቀጠሮ ጳጉሜን ነው።

ቀሪውን አንተ ከእኔ በፊት ገብቶሃል። ዘይዳ ቀኑን የምትጽፈው ሁላችንም እንደምንጽፈው ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ፕሮግራምህ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲገጥመው ማንበብ ያቅተዋል። ቀኑ የመጀመሪያው አምድ ስለሆነ እዚያው ይቆምና ስሙንም ስልኩንም ሳያወጣ መስመሩን ባዶ ትቶ ያልፋል። አትናገር ብለኸዋልና አይናገርም። ህዳር ላይ ስላስገባነው ይኼ የመጀመሪያው ጳጉሜን ነው። ጥቅምትም እየመጣ ነው። የጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብለን እንጽፋለን፤ ፕሮግራምህ ፌብሩዋሪ ብሎ ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ የለውም። ጥቅምት 30 ቀጠሮ ያለው ሰውም ነጭ ይሆናል።

ሰባቱን አንድ በአንድ ለዘይዳ አነበብኩላት። ስድስቱን አወቀቻቸው። ቁስል የሚታጠብላቸው፣ ግፊት የሚለኩ ናቸው፤ ዝም ሲባሉ ራሳቸው መጥተዋል ወይም ሌላ ቦታ ታይተዋል። ሰባተኛዋን ስጠራ ከወንበሯ ተነሣች።

ባንቺዓለም ትባላለች። ጌሾ ነጋዴ ናት፤ ቤቷ በቢቸና መንገድ ወርደው በእግር የሚገባበት ቀበሌ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ውሻ እጇን ነክሷታል። ውሻው ያገኘውን ሁሉ ሲናከስ ውሎ ሰው ገድሎታል። ሁለት የእብድ ውሻ ክትባት ወሰደች። ሦስተኛው ለጳጉሜን 3 ተቀጠረ። ክትባቱ እንደልብ አይገኝም፤ በበረዶ ሣጥን ታዝዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በከንቱ እንዳይመላለስ ክሊኒኩ በቀኑ ይደውላል፤ የሚደውለውም ከሰንጠረዡ እያየ ነው። «ሳንደውል አትምጪ» ብላ የነገረቻት ራሷ ዘይዳ ናት።

ሳይደወልላት አልመጣችም።

ዘይዳ ፍሪጁን ከፍታ አሳየችኝ። ክትባቱ መጥቷል። ብልቃጡ ላይ በፕላስተር የባንቺዓለም ስም ተለጥፏል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ አለችኝ፤ ነርሷ የሰጠቻት ሌላ ነው፣ ይኼ ለሚቀጥለው ነው ብዬ አሰብኩ አለች። 

ዶክተርን ጠራናቸው። የተመዘገበው ስልክ የወንድሟ የታደለ ነው። እርሳቸው ራሳቸው ደወሉ፤ እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረጉት። ታደለ ዶክተር ራሳቸው ስለደወሉለት በአክብሮቱ የተደናገጠ ይመስል ነበር። ደህና ናት አለ። እጇን ብቻ ይነዝራታል፣ የተነከሰችበትን። ትንሽ ትኩሳትም አላት። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር መቀመጥ አልወደደችም፤ በሩን ዝጉልኝ ትላለች።

ዶክተር ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ውሃ ትጠጣለች?» አሉት።

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግመን ደወልን። ጥሪ አይቀበልም ይላል። ኔትወርኩ እዚያ አካባቢ እንዲህ ነው፤ ከሄደ በራሱ ጊዜ ነው የሚመለሰው።

ቁስል ሲድንም ይነዝራል አሉ ዶክተር፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሌላው ከሆነ ክትባቱ ከእንግዲህ አይጠቅምም፤ ካልሆነ ግን አሁኑኑ መወጋት አለባት። ዘይዳ ታዲያ ሰው እንላክ አለች። ነገ ጠዋት ይላካል አሉ። ከዚያ በሩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማው፣ መስመሮቹን መልስልኝ። የእሷን ቀን ግን መስከረም ሁለት አድርገው።»

ለምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ጠየቅኋቸው።

«የቀጠሮው ቀን በሰንጠረዡ ላይ ታይቷል፣ ተደውሏል፣ አልመጣችም። እንዲህ ነው የሚባለው። ይኼ ክሊኒክ ቢዘጋ ከነገ ጀምሮ የሚነከሰው የት ይሄዳል?»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ አልደወልኩም» አለች ዘይዳ።

«አንቺን አልጠየቅሁሽም።»

ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንተም ታውቃቸዋለህ። ገንዘብ የሌለውን ስንት ሰው አክመዋል። አሁን ግን ፈርተዋል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ስንፈራ ሁላችንም ማሽኑ ዝም እንዲልልን ነው የምንፈልገው። ከቀየርክ በኋላ ጥራኝ ብለውኝ በሽተኛ ወዳለበት ክፍል ገቡ።

ከአንተ የምፈልገው ይኼን ነው። ደጀንና አማኑኤል ላሉት ክሊኒኮች ያስገባኸው ፕሮግራም ያው ይኼው ነው። ይኼ ወረቀት እንደደረሰህ ደውልላቸው። ጳጉሜን ላይ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ከሥሩ ካለው ፋይል ተፈልጎ ይጠራ። እስከምታስተካክለው በሰንጠረዡ አይመኑ። ሰማው ነገረኝ ብለህ ሳይሆን አንተ ራስህ ስህተቱ የእኔ ነው ብለህ ተናገር። ከዚያ ያቺን ዝም የምታሰኝ መስመር ከኮድህ አውጣት። ሰው ይደንግጥ።

ኮፒው አልቋል። ፍላሹን ለዘይዳ ሰጥቻታለሁ፤ የባንቺዓለም ቀን በውስጡ እንደተጻፈ፣ ጳጉሜን 3 እንዳለ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀኑ ተከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። እሱን ሰርዞ መስከረም ሁለት ብሎ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው። ከውጭ የቢቸናው ሚኒባስ ረዳት ሰው ይጠራል፤ የዛሬ የመጨረሻው ነው። ከመንገድ እስከ ቤቷ በእግር መሄድ አለብኝ፣ ምን እንደማገኝም አላውቅም። መኪና ለምኜም ቢሆን ዛሬውኑ ይዣት እመጣለሁ። ዘይዳ ነርሷን ለማስቀረት ሄዳለች።

ዶክተር «ጨረስክ?» እያሉ ከውስጥ ይጠሩኛል። ቀኑን አልነካሁትም። ጃኬቴን ይዤ ወጥቻለሁ።

ሰማው