አፍ የሚሸብበው ፕሮቲን

እህቴ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ልጄ የምትሠራበት ላብራቶሪ ወዳዘጋጀው የፕሮስቴት (የወንዶች ዕጢ) ካንሰር ጉባኤ ይዛኝ ሄደች። ፕሮፌሰሩ እንዳስረዱን፣ የተበላሸን ሴል «በቃህ፣ ሙት» የሚሉ ፕሮቲኖች አሉ። ካንሰሩ ውስጥ ግን ሌላ ፕሮቲን በዝቶ የእነዚህን አፍ ይሸብባል፤ ሴሉም ሳይሞት ይባዛል። አዳራሹን የሞሉት ሽበታም ወንዶች አጨበጨቡ። ከዚያ ተሽቀዳድመው ሽንት ቤት በር ላይ ተሰለፉ።

ፕሮፌሰሩን እዚያው ሰልፍ ላይ አግኝቼ፣ «እርስዎስ ተመርምረዋል?» አልኳቸው።

«እናቴ፣ ጥናቱ መች ፋታ ሰጠኝ!»

የእኛዎቹ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ሰበቡ ራሱ ተምሯል።

እኔም ከዚያ ፕሮቲን አልሻልም። ባለቤቴ ሽንት ቤት ሲመላለስ እያየሁ፣ መጠየቁ ነውር መስሎኝ ዝም እንዳልኩ ቀበርኩት። ያንቺም ባለቤት መናኸሪያ ሊሸኙኝ የመጡ ዕለት ሦስቴ «መጣሁ» ብለው ሲጠፉ አይቼ፣ ደግሜ ዝም አልኩ። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ይህ እንደደረሰሽ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ብርድ ነው ካሉሽ ካፖርት ደርቢላቸው።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ካርዱ ክፍት ስለሆነ ፖስተኛው ማንበቡ አይቀርም። ያንብበው፤ እሱም ሃምሳን አልፏል።