ለዩኒቨርስቲው ተብሎ የተፎከረው ፉከራ

ይድረስ ለምወድህና ለምኮራብህ ወንድሜ ለክንዴ፣ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርስቲ።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ራስህን፣ ሆድህን፣ ያን በመጻሕፍት ያደከምኸውን ዓይንህን እንዴት አድርጎሃል? ጾሙን የፈታኸው በማን ቤት ነው? የአዲስ አበባ ብርድስ እንደኛው ያንዘፈዝፋል ወይስ ሰው ሲበዛ ይሞቃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገንና አለን። አባባ ከተፈነከተው ራሱ በቀር፣ አያ እንየው ከተሰበረው ክንዱ በቀር፣ ባላምባራስ ደጉ ከረገፉት ጥርሶቻቸው በቀር፣ እኔም ከናፍቆትህ በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን።

አሁን ሳቅህን አቁምና ይህችን ደግመህ አንብባት። ግንቦት አሥራ አራት ቅዳሜ ግጥምህን ልታነብ መድረክ ላይ ከመቆምህ በፊት የዓለምነው ልጅ አስማረ አዲስ አበባ ይገባል፤ ምናልባትም ገብቷል። የሚመጣው ሊገድልህ ነው። አባባ «መጀመሪያ ይህን ጻፊ፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ያለ ሰላምታ የተጀመረ ደብዳቤ ስታይ የሞትን መስሎህ ትደነግጣለህ ብዬ አስቀደምሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ከፋሲካ በፊት የላክኸው ደብዳቤ ከዳንግላ እንደመጣልን አባባ ኩራቱን ብቻውን መሸከም አቃተው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሽማግሌዎቹ እንዳነብላቸው አደረገኝ። በዩኒቨርስቲው የባህል ሳምንት ሰኞ የታሪክ ሊቅ ንግግር፣ ማክሰኞ የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ ሐሙስ የሙዚቃ ምሽት፣ ዓርብ የተማሪዎች ክርክር፣ ቅዳሜ ደግሞ ግጥምና የየአገሩ ፉከራ እያልሁ ስዘረዝር አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ንግግር ማለት አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ማንም የማያቋርጠው ነው ስላቸው፣ ባላምባራስ ደጉ «ታዲያ እኔን ምነው ያልጠሩኝ?» አሉ። ክርክሩን ደግሞ ተማሪዎቹ ያለ ዋስና ያለ ዳኛ፣ በመሬት ሳይጣሉ እንዲሁ ይከራከራሉ ብላቸው አለቃ ስማቸው አማተቡና «ጠበል ያሻቸዋል» አሉ። ኤግዚቢሽኑንማ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለሰው ማሳየት ነው ብላቸው፣ ካልተሳለሙት ምን ያደርጋል ብለው ተውት። ያንተን ስም ከነአባባ ስም፣ ቀኑንም አዳራሹንም ጮክ ብዬ አነበብሁት። የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ በቃሉ ይዞታል።

ከሁሉ ይልቅ ያነቃቸው የመጨረሻው ልመናህ ነው። ፉከራ የሚያሰማ አንድ ሰውና ዋሽንት የሚነፋ አንድ ሰው ላኩልኝ፣ ፉከራው ግን ምንም ሳይቀነስ እንደ ጥንቱ ይሁን ብለህ ነበር። ለፉከራው ሳይከራከሩ አጎታችንን አያ እንየውን መረጡ። ለዋሽንቱም አስማረን መረጡ፤ ከጥርባ እስከ አዘና እንደሱ የሚነፋ የለማ። ሁለቱን በአንድ መኪና አሳፍረው ሊልኩልህ ቆረጡ።

አያ እንየው የአስማረን አባት በግጦሽ ጠብ በጦር ወግቶ መግደሉን በልጅነትህ ሰምተሃል። የእርቁን መሐላ ግን አታውቀውም፤ እኔም ያወቅሁት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ለካስ ያኔ ደሙ ሲደርቅ አያ እንየው የዓለምነውን ስም እስኪሞት ድረስ በፉከራ ላያነሣ በመስቀል ምሏል። ያስማሉትም አለቃ ስማቸውና ባላምባራስ ደጉ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን በየሰርጉ በጎሽና በጣሊያን ብቻ ሲፎክር የኖረው ለካስ ሌላ ጠፍቶት አልነበረም።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ልምምድ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር እንደ ዳኛ ተደርድረው ተቀመጡ። አለቃ ስማቸው «ዩኒቨርስቲ ማለት ቤተ መንግሥት ማለት ነው፤ የምታሳፍሩን እንደሆነ ወዮላችሁ!» ብለው ከፈቱት። አስማረ ዋሽንቱን ጀመረ። አነፋፉን ብትሰማው ወንድምዓለም፣ የሚያወራ ሁሉ አፉን ያዘ። አያ እንየው ጦርና ጋሻውን ይዞ ዘሎ ገባና በጎሹ ፎከረ። ባላምባራስ ደጉ ጭራቸውን ወረወሩ። «ምንድን ነው ይሄ? ልጁ ሳይቀነስ አይደለም ወይ ያለው? ሥጋ ከሉካንዳ ገዝቶ ለሚበላ ከተሜ ጎሽ ምኑ ነው!» አሉት። በጣሊያኑ ፎከረ። አሁን ደግሞ አለቃ ስማቸው ናቸው የተነሡት፤ «ጣሊያንማ ማን ያልገደለ አለ! ጨምር እንየው፣ ጨምር! የአዊን ስም ልታስጠራ አይደለም ወይ የምትሄድ!» አሉ። ሁሉም «ጨምር! ጨምር!» ይል ጀመር። የአያ እንየው ዓይኑ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፤ እንዲህም አለ፦

ዘራፍ! ዘራፍ!
የጥርባውን መስክ በደም ያራሰ፣
ዓለምነውን ጥሎ ቤቱ የተመለሰ!

ዋሽንቱ ተቋረጠ። ባላምባራስ ደጉ ከዋሽንቱ በኋላ ነው የገባቸው፤ «አበጀህ የኔ አንበሳ!» ብለው ጮኸው እጃቸው ሳይወርድ እንደ ሐውልት ቀሩ። አያ እንየውም የገዛ አፉን ሲሰማ ጦሩ ከእጁ ወደቀ። አስማረ ዋሽንቱን በጉልበቱ ቀጭ አድርጎ ሰበረና ከጎኑ ከቆመው ሰው ዱላ ነጠቀ።

የመጀመሪያው ዱላ የአያ እንየውን ክንድ ሰበረው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን እኔ ካለሁበት ከካቡ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ የኛም ወገን የነሱም ወገን ገባበት። ደንጋይ እንደ በረዶ ይወርዳል፣ ሰው እንደ ነዶ ይወቃል። አባባ ወንድሙን ሊሸፍን ሲወድቅበት ራሱን በደንጋይ ተፈነከተ፤ ደሙ ጢሙን አልፎ የክት ኩታውን አቀላው። የአስማረ ያክስቱ ልጅ ደሴ በጦር ዘንግ ተመትቶ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። ከደሴ ጋር አብረን ነበር ፊደል የቆጠርነው። ባላምባራስ «በእግዚአብሔር! በጃንሆይ!» እያሉ መሃል ሲገቡ ሁለት ጥርሳቸው ረገፈ። የነበሯቸውም ሁለት ነበሩ። አለቃ ስማቸው ግን ቤተ ልሔም ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፉና ከዚያ ሆነው ገዘቱ። እኔም ዝም ብዬ አላየሁም። አባባን የሚረግጠውን ሰውዬ ክንዱን ደም እስኪወጣ ነክሼዋለሁ። ኋላ ሲነግሩኝ ለካስ የራሳችን ወገን ነው፣ አባባን ሊያነሣው ነበር።

በዚያ ሳምንት የነአስማረ ወገኖች የበቅሏችንን ቋንጃ በጎራዴ ቆርጠው በረት ውስጥ ጥለዋት ሄዱ። የድርቆሹንም ክምር አቃጠሉት። የኛዎቹም ዝም አላሉ፣ የደሴን አባት ንብ ከነቀፎው እሳት ለቀቁበት። ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ወደ ኋላው እያየ ሆነ። አያ እንየውን ጎተራ ውስጥ ደበቅነው። አስማረ ደግሞ ጠፋ።

ቀጥሎ ጫግኒ ገበያ የዋለ ሰው መጥቶ አስማረ ፈረሱን ሸጠ አለን። አባባ ይህን ሲሰማ ከመደቡ ላይ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። ያን ቦራ ፈረስ ታውቀው የለም? ከእናቱ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው፤ ሊመለስ ያሰበ ሰው አይሸጠውም። ገዢው ለምን ትሸጠዋለህ ቢለው «አንድ ክንድ ያለው ሽማግሌ ገድዬ ምን ብዬ ልፎክር? የቤታቸውን ምርጥ ነው የማወርደው። ቀኑንም አዳራሹንም እህቱ አንብባልኛለች» ብሎት በጭነት መኪና ላይ ወጣ። እንግዲህ ምርጡ አንተ ነህ ወንድምዓለም። እኔ እንዳልሆንሁ ግልጽ ነው፣ እኔንማ ማንም አልፈለገኝ።

ሽማግሌዎቹ ደንጋይ ተሸክመው ወደ አስማረ እናት ወደ እቴ ደጊቱ ሄዱ። ባላምባራስ ጥርስ ስለሌላቸው ይቅርታው ሁሉ ፉጨት ሆኖ ወጣ። አለቃ ስማቸው ትልቁን ደንጋይ ለድቁና ተማሪያቸው አሸክመው እሳቸው ትንሿን ያዙ። እቴ ደጊቱ ከደጅ ሳታስገባቸው «ያስማላችሁትም እናንተ፣ ያፈረሳችሁትም እናንተ፤ ደንጋዩን ለቤታችሁ ካብ አድርጉት» ብላ በሯን ዘጋች። እውነቷን ነው፤ እኔ ብሆን ውሻውንም እለቅባቸው ነበር።

አያ እንየው አስማረ የሄደው ባንተ ላይ መሆኑን የሰማ ዕለት ከጎተራው ወጣ። «ደሙ የኔ፣ አፉም የኔ፣ ልጁ ምን አደረገ?» አለ። አባባ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ቢለምነው አልሰማውም። ትጥቁን ፈታ፣ ጦሩንም ጩቤውንም መደቡ ላይ አስቀመጠ፣ የተሰበረውን ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሄዶ በእቴ ደጊቱ ደጅ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ነበር። «ለክንዴ ጻፊለት፤ አስማረ ሲያገኝህ ከሁሉ አስቀድመህ ‹እንየው በእናትህ ደጅ ባዶ እጁን ተቀምጦልሃል፣ ና ብሎሃል› በለው በይው» አለኝ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

እቴ ደጊቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣና ስትገባ እንደ ጉቶ አልፋው ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ተፋችበት። እሱም አልጠረገውም። የነደሴ ወገኖች ሊጨርሱት ሲመጡ «የልጄ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ብላ መለሰቻቸው። ትናንት ጧት ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ አያ እንየው ከተቀመጠበት አልተነሣም። እኛ ከማዶ ሆነን ስናይ እቴ ደጊቱ በሯን ከፈተች። የባሏን በርኖስ ይዛ ወጣች፣ የተገደለበትን፣ ጦሩ የበሳው ቀዳዳ ያልተጣፈውን። በራሱ ላይ ጣለችበትና ተመልሳ ገባች።

ይኸው ከዚያ ጀምሮ ሽማግሌዎቹ እየተከራከሩ ነው፤ ያውም እንደ ተማሪዎቹ ያለ ዳኛ። አለቃ ስማቸው «ይቅር ብላዋለች» ይላሉ። ባላምባራስ ደግሞ «ልጇ መጥቶ እስኪገድለው ብርድ እንዳይቀድመው ነው» ይላሉ። ክርክሩ ቢሰለቸኝ ሄጄ እቴ ደጊቱን ራሷን ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝና «ዘነበበት» አለችኝ።

አሁን የምልህን ስማኝ። አባባ ደብረ ዘይት ሄደህ ተደበቅ ይላል፤ እንዳዘዘኝ ጽፌልሃለሁ። እኔ ግን ብትደበቅም አስማረ ፈረሱን ሸጧልና ዓመትም ቢሆን ይጠብቅሃል ባይ ነኝ። ለዩኒቨርስቲው ዘበኛና ለጓደኞችህ አስቀድመህ ንገር፣ ብቻህንም አትሂድ። መድረኩ ይቅርብህ፣ ግጥምህን ሌላ ሰው ያንብብልህ። የጫግኒ መኪኖች የሚራገፉበትን ጠይቀህ ከሰው መሃል ሆነህ ከሩቅ በስሙ ጥራው፣ በአገውኛ። አማርኛው ውሃ ስጡኝ ከማለት አያልፍም፤ በዚያ ሁሉ ከተማ ካንተ በቀር የሚያውቀው ሰው የለውም። አያ እንየው የላከውን ቃል ሳትቀንስ ንገረው። ቀጥለህ የበርኖሱን ንገረው። የሽማግሌዎቹን ትርጉም ግን ተወው፣ እናቱ ያለችውን ብቻ ንገረው።

አባባ የታሰረ ራሱን እየነቀነቀ ይስምሃል። እማዬ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ ጉልበትህን ትስማለች፤ ሱባዔ ገብታልሃለች። ትንሿ እህታችን ዋጋዬ ሰላም ትልሃለች፣ የጠመንጃውን ድምፅ አስመስላ ማሰማት ለምዳለች። ባላምባራስ ደጉ በፉጨት፣ አለቃ ስማቸው በግዝት ሰላም ይሉሃል። አያ እንየው ከተቀመጠበት ሆኖ «ዓይኑን ሳሚልኝ» ብሎኛል። እቴ ደጊቱ ላንተ ሰላምታ አልላከችም። ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ነግሬያት ከደጇ ስመለስ ግን ከኋላዬ ጠርታ «አስማረ እህል ቀምሶ ይሆን?» አለችኝ። መልሱን ላክልኝ፤ እኔ እነግራታለሁ።

እህትህ ማናለብሽ

እንጅባራ፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.