እሑድ ትንፋሽህን ስትይዝ

ጌትዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ተመለሰ። ደክሞኛል ብቻ ብዬ ብተወው ደግሞ ታዝንብኛለህ፤ ስለዚህ የቤቱን ልንገርህ።

ልጃችን ሚኪያስ ከነሚስቱ ወደ እኛ ገብቷል። ሕፃኗ አልጋ ያስፈልጋታል፤ ሳሎኑ ውስጥ ለአልጋ የሚሆነው ደግሞ ያንተ ሲዲ ማጫወቻና አራት ካርቶን ሲዲ ያሉበት ጥግ ብቻ ነው። ዘፈኑ ሁሉ ስልኬ ላይ አለ፣ ስፒከሮቹ ይቆዩና በነሱ እናጫውተዋለን አለኝ። ክፋት የለውም። እኔ ግን የሲዲው ድምፅ ይለያል ብዬ እንቢ አልኩ። ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙረህ ታስቀምጠኝ ነበር። ሰበታ ውስጥ የመብራቱ ኃይል ንጹሕ ሆኖ ድምፁ የሚጠራው ፋብሪካዎቹ ሲያርፉ ነው ትላለህ፤ ስድስት ቀን የሽመና ማሽን ስትጠግን የምትውል ሰው፣ ማን ይከራከርሃል። ያንኑ አንድ የክራር ዘፈን አንዴ ከፍላሽ፣ አንዴ ከስልክ፣ አንዴ ከሲዲ ታሰማኛለህ። ፍላሹ ላይ ያለው ተጨምቆ የገባ ነው፣ ጠላው ቀርቶ አተላው ነው የደረሰን ትል ነበር። እኔም ሲዲውን ስለይ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ጎረቤታችንን ኦቦ ገመቹን ጠርተህ የሷን ጆሮ እዩልኝ እያልክ ስትኮራ፣ እኔ ሽሮዬ እንዳያርብኝ እያሰብኩ ነበር።

አሁን የምነግርህን ይህን ሁሉ ዓመት ደብቄሃለሁ። ጆሮዬ ምንም አይለይም። ሦስቱም ለኔ አንድ ናቸው። የምሰማው አንተን ነበር። ፍላሹና ስልኩ ሲዘፍኑ እንደ ልብህ ትተነፍሳለህ፤ ሲዲው ሲሆን ግን የመጀመሪያው ስንኝ እስኪያልቅ ትንፋሽህን ትይዛለህ። መያዝህን አንተም የምታውቀው አይመስለኝም።

መጨረሻ ላይ ሳንባህ እንቢ ሲል ትንፋሽ መያዙ ቀረ። እኔም መሳሳት ጀመርኩ። ጆሮሽም ደከመ አይደል አልከኝ፣ አዝነህ። አዎ፣ አረጀሁ አልኩህ። እውነቱን ብነግርህ ይሻል ነበር ወይ እያልኩ እስካሁን እብሰለሰላለሁ።

ያለፈው እሑድ ሚኪያስ እዚያው ግድግዳ ሥር አስቀመጠኝ። «እማዬ፣ ከለየሽው ማንም አይነካውም፤ ሕፃኗ ከኛ ጋር ትተኛለች» አለኝ። ኦቦ ገመቹም ምስክር ሆነው መጡ። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አጫወተው፣ አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከሲዲው፤ የቱን እንዳስቀደመ ግን አልነገረኝም። የልጅህ አተነፋፈስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሱ ምንም አላገኘሁም። ሁለተኛው ላይ ግን ክራሩ ሲጀምር ደረቴ ጠበበኝ። ትንፋሼን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሲዲው ይሄ ነው አልኩ፣ እርግጠኛ ሆኜ።

ስልኩ ነበር።

ኦቦ ገመቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሚኪያስም አልሳቀም፤ እንዲያውም ግድ የለም፣ ይቆይ አለኝ። ይሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ደክሞኛል፣ ጌትዬ፤ ደግሞም ተሸንፈናል። ኦቦ ገመቹ «ጀባዹ፣ አይዞሽ» ብለውኝ ማጫወቻውን እንደ ሕፃን አቅፈው ይዘውት ሄዱ። አቧራ አላስነካውም ብለዋል። ጥጉ ላይ አሁን የልጅ ልጅህ ተኝታበታለች።

አንተን ግን ለማንም አልሰጥም። እሑድ ፋብሪካዎቹ ዝም ሲሉ ያንን ዘፈን አስከፍታለሁ፤ ከስልክም ይምጣ ከየትም። የመጀመሪያው ስንኝ እስኪያልቅ ትንፋሼን እይዝልሃለሁ። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።

ያንተዋ አልማዝ