ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፦ የዋና ቆራጯ እህታችን የሕይወት ታሪክ

በሥራ ቦታቸው «ሚሊሜትር» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት እህታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛ ነበሩ።

በ1962 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን አጠናቀው ለሁለት ዓመት የልብስ ስፌት ከተማሩ በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም. በአንድ የደንብ ልብስ ፋብሪካ በጨርቅ ቆራጭነት ተቀጠሩ። አርባ ጨርቅ አነባብረው በአንድ ጊዜ ሲቆርጡ የላይኛውና የታችኛው እጅጌ ልዩነት አይገኝበትም ነበር፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው በዚህ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ቀጥሎ ያለው እንዳይዘለል አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። በ1983 ዓ.ም. የሽንት ፊኛ ሕመም ጀመራቸው። ለዓመታት መድኃኒት ሲቀያየርላቸው ቆይቶ፣ ካንሰር ያልሆነ ነገር ግን የማይድን የፊኛ መቆጣት መሆኑ ተነገራቸው። የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው በአንድ ቀንና ሌሊት አርባ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት መመላለሳቸውን መዝግበዋል። የመቁረጫ ጠረጴዛቸውን ለቀው፣ ለመጸዳጃ ቤቱ እንዲቀርቡ በሩ አጠገብ የልብስ ቁልፍ ቆጣሪ ሆኑ። ከሕመሙ ይልቅ ይህ አንገበገባቸው።

በ1995 ዓ.ም. ሐኪሞች ፊኛው ወጥቶ ሽንቱ በሆድ ላይ በምትከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት እንዲፈስ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ወንድማቸው አጥብቀው ተቃወሙ። ካንሰር ካልሆነ ለምን ይወጣል አሉ። እህታችን ግን «እስቲ አንተ አንድ ቀን ሕመሙን ያዝልኝና ከዚያ ትመክረኛለህ» ብለው ፈረሙ፤ በግንቦት ወርም ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ሆነ ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ በኩላሊት ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝተዋል፤ አንድ ጊዜም ከረጢቱ አውቶቡስ ውስጥ አፍስሷል። ነገር ግን በሦስተኛው ወር ሌሊቱን ሳይነቁ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኙ። በአምስተኛው ወር ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ሙሉ ፈረቃ ቆመው ሠሩ።

ለዚያ ቀን ራሳቸው የሰፉት ቀሚስ ግን ጉድ ሠራቸው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲለኩ የኖሩት ባለሙያ የራሳቸውን ልክ የወሰዱት ከረጢቱ ባዶ ሳለ ነበር። ረፋዱ ላይ ቀሚሱ በቀኝ በኩል ተነፋ። «እትዬ ሚሊሜትር፣ ሚሊሊትሩን ረሱት እኮ!» ብለው የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲስቁ፣ ከሁሉም አብልጠው የሳቁት እርሳቸው ነበሩ። በዚያው ሳምንት ከረጢቱን ውኃ ሞልተው እንደገና ለኩና በጎን የተደበቀ እጥፋት ያለው ቀሚስ አወጡ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉላቸው ሐኪም ሌሎች ሴቶችን ወደ እርሳቸው ይልኩ ጀመር፤ ስልሳ አራት ሴቶችን በነፃ ለክተው ሰፍተውላቸዋል። ሁሉንም «በመጀመሪያ ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ ትለኪያለሽ» ይሏቸው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ዋና ቆራጭ ሆነው ተሾሙ፤ በ2005 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በሩ አጠገብ ሳይሆን መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይጠይቁ ነበር።

በመጨረሻ የልብ ድካም አጋጥሟቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን የጻፉት እኚያው ወንድማቸው ናቸው። በሕይወታቸው ብዙ ምክር ሰጥተዋል፤ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የሚኮሩት ግን ሳይሰማላቸው በቀረው ምክር ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያኑርልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።